ማደያው ላይ አንዲት ቁጥር ይጻፍልን
(ግልጽ ደብዳቤ ስለ ቤንዚንና ኢታኖል ድብልቅ)

ለነዳጅ ጥራት ለሚመለከተው አካል፣

«የሚመለከተው አካል» አድራሻው የት እንደሆነ አጣርቼ ስላልጨረስኩ ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፍ መረጥኩ።

ተርቦ የተገጠመላቸውን የቤንዚን መኪናዎች በመጠገን የምተዳደር መካኒክ ነኝ። በጋራዤ መደርደሪያ ላይ መቶ ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ቱቦ አለ። እስከ 10 ውኃ፣ ከዚያ እስከ 100 ከደንበኛው መኪና የተቀዳ ቤንዚን እሞላበትና ወተት እንደሚናጥ እንጠዋለሁ። ሲረጋ ውኃው ከታች ይቀመጣል፤ ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀው አልኮል፣ ማለትም ኢታኖሉ፣ ቤንዚኑን ትቶ ከውኃው ጋር ይወርዳል። መስመሩ ከ10 ወደ 19 ገደማ ከፍ ካለ፣ ቤንዚኑ 10 በመቶ ያህል ኢታኖል አለበት። ይህን ቁጥር ከማደያው ፓምፕ ላይ ማንበብ ሲገባኝ በቱቦ እፈልገዋለሁ።

ኢታኖልን ጠልቼ አይደለም። ተርቦ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ለሚያንስባት አዲስ አበባ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የታመቀ አየር ይግላል። የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ነዳጁ በራሱ ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል። ኢታኖል ኦክቴኑ፣ ማለትም በራሱ እንዳይፈነዳ የመቋቋም አቅሙ፣ ከፍ ያለ ነው፤ ሲተንም ሙቀት ይወስዳል። አረቄ እጁ ላይ የፈሰሰበት ሰው ቅዝቃዜውን ያውቀዋል። ኮኒግሴግ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ሲሲኤክስአር የተሰኘች መኪናውን በቤንዚን 806፣ 85 በመቶ ኢታኖል ባለበት ነዳጅ ደግሞ 1,018 የፈረስ ጉልበት እንድታወጣ ያደረገው በዚሁ ጠባዩ ነው።

ጣጣው መጠኑ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ ለኢታኖል 9 ይበቃዋል። ስለዚህ ለዚያው አየር ብዙ ኢታኖል መርጨት ያስፈልጋል፤ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጄክተርና የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ካላወቁ ፒስተን ሊቀልጥ ይችላል። ለፋብሪካ መኪና 10 በመቶ ችግር የለውም፤ ኦክስጅን መለኪያው ያስተካክለዋል። ጉልበቱ ለጨመረ ሞተር ግን ቀልድ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ በድብልቅ ነዳጅ የተስተካከለ መኪናውን ሌላ ቦታ ኦክቴኑ ያነሰ ንጹሕ ቤንዚን ሞላበትና ወደ እንጦጦ ወጣ። ሞተሩን ስፈታው የፒስተኑ ጠርዝ እንደ ደረቅ ዳቦ ተቆርሶ አገኘሁት። ደንበኛውም እኔም ምን እንደተሞላ አናውቅም ነበር።

በአገራችን የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ነው፤ በ2011 ወደ 10 ከፍ ብሏል። የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉንን ሞተሮች መንከባከብ ግድ ሆኗል።

ስለዚህ ድብልቅ በሚሸጥበት ጊዜ ሁሉ መጠኑ በመቶኛ በፓምፑ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ ሲለወጥም በዚያው ቀን ይለወጥ። በክረምት የመሬት ውስጥ ታንኮች ውኃ እንዳላስገቡ ይፈተሹ፤ ኢታኖል ውኃ ካገኘ አብሮት ወደ ታንኩ ሥር ይወርዳልና።

ቱቦውን ማየት የሚፈልግ ባለሙያ ካለ ጋራዤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ቤንዚኑን ግን ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ መካኒክ