የዓሣ ምግብ ስትገዙ ዕቃውን ገልብጡት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ቤት እንስሳት አመጋገብ ሲጻፍ ውሻና ድመት አይቀሩም፤ የአኳሪየም ዓሣ ግን ይረሳል። ዓሣ ሲጎዳ አይጮህም። የተጣለለትን ይበላል፣ ቀስ በቀስ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ አንድ ቀን ተገልብጦ ይገኛል። ባለቤቱም ውኃውን ይጠረጥራል እንጂ ምግቡን አያስበውም። ስለዚህ ይህን ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ብዙ ገዢ የሚያየው የዕቃውን ፊት ነው። «ከፍተኛ ፕሮቲን» የሚል ጽሑፍና አንድ ትልቅ ቁጥር። 45 ከ40 ይበልጣል፤ በቃ፣ ተገዛ! ያ ቁጥር ግን ክሩድ ፕሮቲን የሚባለው ነው፤ የሚገኘውም በምግቡ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ተለክቶ በ6.25 ሲባዛ ነው። ናይትሮጂኑ ከምን እንደመጣ፣ የዓሣው አንጀት ይፍጨው አይፍጨው፣ ቁጥሩ አይናገርም። ላባ ተፈጭቶ ቢገባበት እንኳ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ዓሣው ግን ከጥሬ ላባ ይህ ነው የሚባል ነገር አያገኝም።

ቁም ነገሩ ያለው ከጀርባ፣ በትንንሽ ፊደል በተጻፈው የግብዓት ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ በክብደት ከብዙው ወደ ትንሹ ይሄዳል። ከፊት ሙሉ ዓሣ፣ ክሪል (ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ)፣ ሽሪምፕ ወይም የነፍሳት እጭ ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። ስንዴ ወይም በቆሎ ከቀደመ ለሥጋ በል ዓሣ አትግዙት። አንድ ተንኮልም አለ፤ የስንዴ ዱቄት፣ የስንዴ ግሉተን፣ የስንዴ ጀርም ተብሎ ያው ስንዴ ሦስት ቦታ ሲከፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚያንስ ዓሣው ከዝርዝሩ አናት ይቀመጣል፣ ሲደመር ግን ስንዴው ሊበልጠው ይችላል። እርግጥ ከእህሉ የሚገኘው ስታርች በትንሹ የግድ ነው፤ እንክብሉ ውኃ ውስጥ እንዳይበተን የሚይዘው እሱ ነው።

በበረዶ የተቀመጠ እጭ ላይ ደግሞ ሰው «ፕሮቲን 6 ፐርሰንት» አይቶ ይንቀዋል። አይናቅም። እርጥበቱ 90 ፐርሰንት ከሆነ ደረቁ ነገር 10 ብቻ ነው፤ 6 ለ10 ሲካፈል 60 ፐርሰንት ይሆናል። 42 የተጻፈበትና 8 ፐርሰንት እርጥበት ያለው ደረቅ ፍሌክ (በስሱ የተሠራ ቅርፊት መሰል ምግብ) በዚሁ ስሌት 46 ገደማ ነው። ውኃውን ሳያወጡ ሁለቱን ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ ደግሞ የሚበላው ማነው? ቤታ የሚባለውን ዓሣ አፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ወደ ላይ የዞረ ነው፤ ውኃ ላይ የወደቀ ነፍሳትና የትንኝ እጭ ለመልቀም የተሠራ። ለእሱ 40 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይስማማዋል። ጎልድፊሽ ግን ጨጓራ የለውም፣ የዋጠው በቀጥታ አንጀት ይገባል፣ ስለዚህ ትንሽ በትንሽ፣ አትክልት የገባበት ምግብ ይሻለዋል፤ ላደገው ደግሞ 30 ፐርሰንት አካባቢ ፕሮቲን ይበቃዋል። ከገንዳው ወለል የሚለቅመው ኮሪዶራስ የሚባል ዓሣ አፉ ወደ ታች ነው፤ ምርጡ ምግብ ከላይ ተንሳፍፎ ቢቀር ለእሱ እንደሌለ ቁጠሩት። የዓሣ ጫጩቶች ከሁሉም የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ለእነሱ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያን (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ የጨው ውኃ እንስሳ) የሚያህል የለም፤ እንቁላሉ ሞቅ ባለ ጨዋማ ውኃ ውስጥ በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ተኩል ይፈለፈላል። አርቴሚያው በሰውነቱ የያዘውን አስኳል ተጠቅሞ ሳይጨርስ ቶሎ ለጫጩቶቹ ስጧቸው።

ፕሮቲን በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። ዓሣው ለዕድገት ያልተጠቀመበትን ፕሮቲን አቃጥሎ ኃይል ያደርገዋል፣ ትርፉ ናይትሮጂን አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ (በመተንፈሻ አካሉ) በኩል ውኃው ውስጥ ይወጣል፣ አሞኒያው ደግሞ ተመልሶ ያንኑ ስንጥብ ይጎዳል። ትንሽ ገንዳ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለት ደቂቃ በልቶ የሚጨርሰውን ብቻ ጣሉለት።

ትልቅ ጣሳ ርካሽ ነው ብላችሁም አትግዙ። አብዛኞቹ ዓሦች ቫይታሚን ሲን ራሳቸው አይሠሩም፣ ሲጎድላቸው አከርካሪያቸው እስከ መጣመም ይደርሳል፤ ይህ ቫይታሚን ደግሞ ዕቃው ከተከፈተ በኋላ አየርና ሙቀት እያገኘው ይቀንሳል። የዓሣ ዘይቱም ይበላሻል። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት፤ የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ጣሉት።

የሚያናድደኝ ከትልቅ ከረጢት ተዝቆ፣ ምንም ሳይጻፍበት በላስቲክ የሚሸጠው ነው። ምን እንደገባበት አይታወቅ፣ መቼ እንደተከፈተ አይታወቅ። ሻጮች ዋናው ከረጢት ላይ ያለውን የግብዓት ዝርዝር፣ የመጠቀሚያ ጊዜውንና የተከፈተበትን ቀን በቁራጭ ወረቀት ገልብጠው ላስቲኩ ውስጥ ይክተቱልን። ገዢዎችም እስኪሰጣችሁ ድረስ ጠይቁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ዓሣ አርቢ