ስለ ልጆቻችን የሥነ ተዋልዶ ጤና ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ በሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ላይ ለውይይት ስለመጋበዝ

በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ የሚያስገቡበት ሣጥን አለን። ከደብተር ተቀድደው፣ ብዙ ጊዜ ታጥፈው የሚገቡትን ወረቀቶች ከመምህሯ ጋር አነባለሁ። በቅርቡ አንዷ ወረቀት እንዲህ ትላለች፦ «ፖስት ፒል ከወሰድኩ በሽታ አይዘኝም አይደል?»

ማን እንደጻፈችው ማወቅ አልፈልግም፤ እናንተም ልጆቻችሁን እንዳትመረምሩ አደራ እላለሁ። መልሱን ግን ሁላችንም ማወቅ አለብን። ፖስት ፒል ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ነው። የሴቷ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ይሠራል፤ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ ሲኖርበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይረዳል። ከኤች አይ ቪም ሆነ ከጨብጥ አይከላከልም። ለዘወትር አገልግሎትም አልተዘጋጀም። ለዚያ የሦስት ወር መርፌ፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውና ሌሎችም ዘዴዎች አሉ፤ እርግዝናንም በሽታንም አብሮ የሚከላከለው ግን ኮንዶም ብቻ ነው።

ሌላው ጥያቄ «የታመመ ሰው ያስታውቃል?» የሚል ነበር። ብዙውን ጊዜ አያስታውቅም። ክላሚዲያና ጨብጥ የተባሉት የአባላዘር በሽታዎች በሴቶች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ቆይተው መካን ሊያደርጉ ይችላሉ። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ሕመም ስለሌለው፣ በራሱም ስለሚድን፣ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ ይቀጥላል። ሦስቱም በወቅቱ ከተመረመሩ በመድኃኒት ይድናሉ። በግምት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ክኒን ግን ተህዋሲያኑን መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋቸዋል፤ ጓደኛዬን አድኖታል ብሎ የተረፈውን መዋጥም ያው ነው።

«ማስተማር ማነሳሳት ነው» ብላችሁ የምትሰጉ አላችሁ። ስጋታችሁን አከብራለሁ፤ መምህሮቻችንም አስቀድመው የሚያስተምሩት መታቀብን ነው። ይሁን እንጂ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የተሰባሰቡት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ይህ ትምህርት ልጆችን ቀድመው ወደ ወሲብ እንዲገቡ አያደርግም።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የልጆቹ ፍርሃት ነው። አንድ ልጅ፣ ሴትም ሆነች ወንድ፣ ተገድዶ ቢደፈር ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «አባቴ ይገድለኛል» ብሎ የደበቀ ልጅ እነዚያን ሰዓታት በዝምታ ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ምንም ሳይፈጠር፣ «ምንም ቢደርስብህ፣ ምንም ቢደርስብሽ መጀመሪያ ለእኔ ንገሩኝ፤ አልቆጣም» በሏቸው። በሉትና ቃላችሁን ጠብቁ።

በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከጤና ጣቢያ የምትመጣ ነርስ ጥያቄዎቻችሁን ትመልሳለች። አባቶች፣ እባካችሁ ለእናቶች ብቻ አትተዉት። በቃል ለመጠየቅ ለሚከብዳችሁ ሣጥኑን በር ላይ እናስቀምጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር