ስልክ ሲጠብቁ መዋል ዕረፍት አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ አብራሪ እጥረት ብዙ ይወራል፤ ስንት ሰው እንደሚፈለግ፣ ሥልጠናው ምን ያህል እንደሚፈጅ። አዲስ የተቀጠረው ልጅ ሥራ ከጀመረ በኋላ እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር ግን የሚጠይቅ አላየሁም። እኔ ገና ሁለተኛ ዓመቴን የያዝኩ ረዳት አብራሪ ነኝ። ልጽፍ የፈለግኩት ስለ ስታንድባይ ነው፤ ማለትም ከተደወለልህ ሄደህ ለመብረር ተዘጋጅተህ ስልክ ስለመጠበቅ።

በብዙ አየር መንገዶች የወሩ ፕሮግራም የሚመረጠው በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። ሲኒየሩ በረራውንም የዕረፍት ቀኑንም እንደሚመቸው ይይዛል፣ ከታች ላለው የሚተርፈው ስታንድባይ ነው። ይሄ ብዙም አያስከፋኝም፣ ሁሉም በተራው ያልፍበታል። የሚያናድደኝ ስታንድባይ እንደ ዕረፍት መታየቱ ነው። ዘመድ ሁሉ «ዛሬ ቤት ነህ? ታድለህ!» ይለኛል።

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። የጥበቃ ሰዓቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። 9 ተኩል ላይ ተነሳሁ። ዩኒፎርሜ ተተኩሶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ሻንጣዬ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ገላዬን ስታጠብ እንኳ ስልኩን መስተዋቱ ሥር አስቀምጬ፣ ጠራ አልጠራ እያልኩ በየደቂቃው ውሃውን እየዘጋሁ አዳምጣለሁ። ረፋዱ ላይ ጋደም ብዬ ነበር፣ ግን አንድ ጆሮህ ስልክ ላይ ሆኖ እንቅልፍ ከየት ይመጣል? ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተደወለ። በረርን። ስናርፍ ከነቃሁ 17 ሰዓት ሆኖኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የታወቀ ጥናት እንደሚያሳየው፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የንቃት ደረጃው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ጠጥቶ የመጣ አብራሪ ኮክፒት ውስጥ አይገባም፣ እኔ ግን ገባሁ።

ሕጎቹ ይህን ጨርሶ አልዘነጉትም። በአሜሪካ ደንብ «አጭር ጥሪ» የሚጠብቅ፣ ማለትም በተደወለለት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሥራ የሚገባ ሰው የጥበቃ ሰዓቱ ከ14 ሰዓት አይበልጥም፤ ከተጠራም ጥበቃውና በረራው አንድ ላይ ተደምረው ከ16 ሰዓት ማለፍ አይችሉም። በአውሮፓ ቤት ሆኖ መጠበቅ እስከ 16 ሰዓት ይፈቀዳል፣ እንደ ሥራ ሰዓት የሚታሰበው ግን ሩቡ ብቻ ነው። የቀረው ሦስት እጅ የት ሄደ? ደግሞ ሕግ ሰዓት ይቆጥራል እንጂ ሰው መቼ እንደተኛ አያውቅም። ሰኞ ለሌሊት ጥበቃ ሰውነትህን ታዘጋጃለህ፣ ረቡዕ ወደ ማታ ያዞሩሃል፣ ዓርብ እንደገና ሌሊት። በዚህ መሃል እንቅልፍህ ይዛባል።

«ደክሞህ ከሆነ አልበርም በላ» የሚል አይጠፋም። ሕጉም ይህንኑ ይላል፣ የደከመ አብራሪ መብረር የለበትም። ግን አዲስ ተቀጣሪ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ዓመት በሙከራ ላይ ነው። ስሙን ገና ማንም አያውቀውም፣ አለቆቹ ስለ እሱ መጀመሪያ የሚሰሙት ነገር «አልችልም ብሏል» የሚል እንዲሆን አይፈልግም። በዚያ ቀን ከመነሳታችን በፊት ካፒቴኑ «ደህና ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። ሥራ ከጀመርኩ ገና ስድስተኛ ወር ነበር። ለመናገር ትንሹ አቅም ያለው ሰው ላይ ነው በጣም አስቸጋሪውን ሰዓት የምንጭነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው አየር መንገድ የኮልጋን ኤር በረራ 3407 እዚያው አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት አውሮፕላኑ ፍጥነቱ ቀንሶ ሊወድቅ መሆኑን ለሚያሳውቀው ማስጠንቀቂያ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አሉ፤ የሁለቱንም አብራሪዎች ሥራ ድካም ሳይጎዳው እንዳልቀረም ጻፉ። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ስትጓዝ አድራ ነበር ሥራ የገባችው። የዛሬው የአሜሪካ የዕረፍት ደንብ ከዚያ አደጋ በኋላ ተጽፎ በ2014 ሥራ ላይ ዋለ። ለዚህ ሁሉ ሰው መሞት ነበረበት?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የጥበቃ ሰዓቱ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አይቀያየር፣ ሰው ሰውነቱን ያስለምድበት። በሙከራ ዓመት «ደክሞኛል» ያለ ልጅ ጉዳዩ ለደህንነት ክፍሉ ይድረስ እንጂ የሥራ ምዘናው ላይ አይጻፍበት። ጠዋቱን ሙሉ ሳይጠራ የዋለ ሰው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ረጅም በረራ ከመሰጠቱ በፊት መቼ እንደተኛ ይጠየቅ። አንድ ጥያቄ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አብራሪ እጥረት ስትጽፉ አየር መንገዶቹን አንድ ነገር ጠይቁልን። ባለፈው ዓመት ከአዲሶቹ መካከል ስንቱ «ደክሞኛል» ብሎ በረራ ተወ፣ ከእነሱስ ስንቱ ዛሬም ሥራ ላይ አለ?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ረዳት አብራሪ