እማዬ፣ ስለ ዶሮዎቹ

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ዳሌሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ስደውል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ወዲያው ወደ ዶሮዎቹ ገባሽ። ሐኪሙ ምን አለ ስልሽ ስለ ቀይዋ ዶሮ ነገርሽኝ። ሌሊት ያምሻል ወይ ስልሽ ስለ መኖ ዋጋ። ስልክ ላይ ሁሌ እንዲህ ነን። የልባችንን ሳናወራ ወይ ኔትወርኩ ይቋረጣል ወይ እንግዳ ይመጣብሻል። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለማሙሽ የዶሮዎቹን ብቻ ንገሪው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ በቁመት አልፎኛል፣ ትምህርቱንም ይዞታል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ አማርኛዋ ግን ተሻሽሏል። አያቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው እያለች ትጨቀጭቀኛለች። አባታቸው ሥራ በዝቶበታል። እኔም ደህና ነኝ።

ማሙሽ የላከውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። የቀይዋ ጀርባ ላባው ተነቅሎ ቆዳዋ ይታያል፣ ጭራዋ ሥር ደም አለ። «ምን ዓይነት ክፉ ዘር ነው ያመጣብኝ» አልሽኝ። ክፉ ሆነው አይደለም እማዬ። ዶሮ እኮ ቀኑን ሙሉ እየጫረች ስትለቅም እንድትውል ነው የተፈጠረችው። ማሪያን ዶውኪንስ የምትባል የእንግሊዝ ተመራማሪ በ1989 ባወጣችው ጥናት፣ የዶሮ ቅድመ አያት የሆኑት የዱር ዶሮዎች ምግብ እየተሰጣቸው እንኳ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ሲጭሩና ሲለቅሙ እንደሚውሉ አሳይታለች። መኖ ጠገቡ ማለት አበቃ ማለት አይደለም። የሚጭሩት ካጡ ያ ምንቃር የጓደኛ ላባ ላይ ያርፋል። አንዴ ደም ካዩ ደግሞ ሁሉም ይረባረቡባታል።

የድሮ የሐበሻ ዶሮዎችሽ እንዲህ ሲያደርጉ አላየንም። ጠዋት ትለቂያቸዋለሽ፣ ሰፈሩን አዳርሰው ማታ በራሳቸው ቆጥ ላይ ይወጣሉ። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ገንብቶ ሜዳ የለም፣ ሸለመጥማጡም አለ፣ አንቺም እየተከተልሽ እሽ ማለት አትችይም። ማሙሽ ማጠሩ ልክ ነው። ግን 12 ዶሮ በ2 ሜትር በ3 ሜትር? ለአንዷ ዶሮ 1 ካሬ ሜትር ያህል ይመከራል፣ የእናንተ ግማሹ ነው። ሽቦውን እስከ ጓሮው ግንብ ድረስ ያስረዝመው። ብሩን እኔ እልካለሁ።

እዚህ ሊድስ ከአጥራችን ማዶ ያሉት ባልቴት ዶሮዎች አሏቸው። የወፍ ጉንፋን አገሩን ሲያዳርሰው መንግሥት ከኖቬምበር 7 ቀን 2022 ጀምሮ በመላ እንግሊዝ ዶሮ ሁሉ ተዘግቶበት ይዋል ብሎ አዘዘ። ትእዛዙ የተነሣው ኤፕሪል 18 ቀን 2023 ነው፣ ያን ሁሉ ብርድ ማለት ነው። የሴትዮዋ ዶሮዎች ጓሮውን እንዳሻቸው መዞር የለመዱ ስለነበሩ ብዙም ሳይቆዩ መነቃቆር ጀመሩ። ምን አደረጉ መሰለሽ? ጥቅል ጎመን በገመድ አስረው ከዶሮዎቹ ራስ ትንሽ ከፍ አድርገው አንጠለጠሉላቸው። አንዷ ዘልላ ትነቁረዋለች፣ ጎመኑ ይወዛወዛል፣ ተመልሶ ሲመጣ ሌላዋ አንገቷን አስግጋ ትጠብቀዋለች። ቅጠሉ እየተላጠ እየተላጠ ሄዶ አገዳው ብቻ ገመዱ ላይ እስኪቀር አይለቁትም። ትንሿ በአጥሩ ቀዳዳ እያየቻቸው ግቢ ብላት እንቢ ትለኝ ነበር።

ደብረ ዘይት ጎመን ሞልቷል። ወለሉ ላይ ማሙሽ የጤፍ ጭድ ወፈር አድርጎ ያንጥፍላቸው። የተከካውን በቆሎ በሣህን አታቅርቡላቸው፣ ጭዱ ውስጥ ይበተን፣ ጭረው ያግኙት። ጭዱ ሲረጥብ ቶሎ ይቀየር፣ ሻጋታ ሳንባቸውን ይጎዳል። የማገዶውን አመድ አትድፉት። ከደረቅ አፈርና ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ይደረግላቸው፣ ይንከባለሉበታል፣ ቅማሉንም ያራግፍላቸዋል። ዝናብ እንዳይነካው ከጣራው ሥር ይሁን። ወፍራም ቅርንጫፍም ከፍና ዝቅ አድርጎ ይትከልላቸው፣ የምትነቆረዋ ወጥታ የምታመልጥበት ታገኛለች። ፋጉሎ ይጨመርላቸው፣ የፕሮቲን እጥረትም ላባ ያስበላል። ቀይዋን ዛሬውኑ ለይታችሁ አውጧት፣ ቁስሏ ሳይድን አትመለስ። የአቮካዶ ነገር ደግሞ አደራ፣ ልጣጩም ዘሩም ቅጠሉም ለወፍ መርዝ ነው። ያ ዛፋችን ቅጠሉን ሽቦው ላይ እያራገፈ ስለሆነ በየቀኑ ይጠረግ።

እማዬ፣ እኔም እዚያው ግቢ ውስጥ ታጥሬ ነው ያደግሁት።

እታለም ከሄደች በኋላ ማለቴ ነው። ወንዶቹ ሆራ ወርደው ፀጉራቸው እንደራሰ ሲመጡ እኔ ከትምህርት ቤት መልስ በሩ ይቆለፍብኝ ነበር። ለመዝሙር ጥናት እንኳ ማሙሽ ካልሸኘኝ አልወጣም። ታናሼ፣ አፍንጫውን የምጠርግለት ልጅ! ሥራ ፈትቼ አልዋልኩም፣ እውነት ነው። ምስር ለቀምኩ፣ በርበሬ ቀነጠስኩ፣ ጥልፍ አስተማርሽኝ። እኔን ግን የጎደለኝ ሥራ አልነበረም። በቆርቆሮው በር ሥር ባለው ክፍተት የሚያልፈውን ሰው እግር አይ ነበር። የማን ጫማ እንደሆነ መለየት ችዬ ነበር፣ የዳቦ ሻጩ፣ የጎረቤት ሴቶች፣ ወደ ሐይቁ የሚሮጡት የክፍሌ ልጆች። አባዬ አንድ ቀን «ተያት ትውጣ እንጂ» ሲልሽ «የአንዷ ይበቃኛል» አልሽው። ጓዳ ሆኜ ሰምቼሻለሁ። የእታለምን ዕዳ እኔ ለምን ከፈልኩ?

የሠርጌ ሰሞን ጠይቄሽ ነበር። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ብለሽ አፌን ዘጋሽኝ። አሁን እኔም የሴት ልጅ እናት ነኝ፣ ስትዘገይብኝ ሆዴ ምን እንደሚል ዐውቀዋለሁ። ፍርሃትሽ ይገባኛል። ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። እንቁላል ሸጠሽ ደብተር እንደገዛሽልኝ አልረሳሁም፣ ያንን የትም አወራዋለሁ። ይሄኛውን ግን ለማን ላውራው? አንድ ጊዜ «ከብዶሽ ነበር» በይኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

አሁን ደግሞ ከዚያ በር የማትወጪው አንቺ ሆንሽ። ማሙሽ «ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሽቦውን ስታይ ትውላለች» ሲለኝ አንጀቴ ተላወሰ። የጽዋ ተራሽን ለሌላ ሰው ሰጠሽ አሉኝ። ለምን? ሴቶቹ እቤት ይምጡ፣ ቡና ይፈላ፣ ማሙሽ ወንበር ይደርድር። መራመጃውንም «አሮጊት አታድርጉኝ» ብለሽ ጥግ አስቀመጥሽው አሉ። ዳሌ ከተሠራ በኋላ መቀመጥ ነው የሚጎዳው፣ ጡንቻው ይሰንፋል፣ እግር ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ እህሉን ጭዱ ውስጥ የምትበትኚው አንቺ ሁኚ። ጠዋትና ማታ በመራመጃው እስከ ሽቦው ሂጂ፣ ቆመሽ በትኚ፣ አትጎንበሺ። ስትመለሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። የደም ግፊት ኪኒንሽንም በዚያው ሰዓት ዋጪው፣ አይረሳሽም።

ሌላም አለ። አባዬ ሲያርፍ የነገራችሁኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። እንዳልደነግጥ ብላችሁ ነው አላችሁኝ። አፈሩን እንኳ ሳላይ ቀረሁ። በአንቺ እንዲህ እንዳታደርጉብኝ። ስልኩ ባንቺ ቁጥር ሌሊት ሲጠራ ሳላነሣው በፊት እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ካነሣሁት በኋላ ስለ እንቁላል ስታወሪ ደግሞ እናደዳለሁ። ሐኪሙ ያለውን ንገሪኝ፣ ደግም ይሁን ክፉ። ልጅሽ ነኝ፣ እንግዳ አይደለሁም።

ብሩ ማክሰኞ ማሙሽ አካውንት ይገባል። ለሽቦው ነው፣ የቀረው ለፊዚዮቴራፒው፣ ለሌላ እንዳይነካ። ፈቃድ ተሰጥቶኛል፣ ለጥምቀት ትንሿን ይዤ እመጣለሁ። እታለምንም እጠራታለሁ። በሩ ተከፍቶ ቡና አፍልቼ አጠገብሽ እቀመጥና ያን ጥያቄ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ካራው ይውጣ እማዬ።

ልጅሽ