ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሸሽ ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ዛንዚባር ሽርሽር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሆቴሎቹን በኮከብ ብቻ መደርደራችሁ ቅር አለኝ። እኔና ባለቤቴ የትዳራችንን 25ኛ ዓመት እዚያ ነው ያከበርነው። ብዙ ዓመት ቆጥበን ነው የሄድነው። ሌላ ሰው እንደኛ እንዲቆጨው አልፈልግም።

ሆቴላችን በደሴቲቱ ምሥራቅ ዳርቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወረደች። ባሕሩ የለም! ሩቅ ሸሽቷል። የቀረው እርጥብ አሸዋና ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። «ይኼን ለማየት ነው ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣነው?» አለችኝ። ድምፅዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለካ እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ውሃው ብዙም አይርቅም፤ ቀኑን ሙሉ ለመዋኘት ይመቻል። ይህን የነገረን የሆቴሉ አትክልተኛ ነው። የጉዞ ወኪላችን ትንፍሽ አላለም።

«ሁሉም ተካቷል» የሚለው የሆቴል ክፍያም ምን ምን እንደያዘ በዝርዝር ይጠየቅ። እኛ አልኮል አንቀምስም፤ ለማንነካው መጠጥ ከፈልን። ጀልባውና የኤርፖርት መኪናው ግን ለብቻ ተከፈለ። ቁርስና ራት ያለበት ይበቃን ነበር።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናቡ ከባድ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። እባካችሁ በሚቀጥለው ጊዜ እነዚህንም ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ