ለልጄ፦ ስለ ባቢሎን የንጉሥ ምክር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ምግብሽን በሰዓቱ እንድትበይ ንገርልኝ ብላለች።

ዳኛ ሆነሽ ከተሾምሽ ወዲህ ስለ አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ ላጫውትሽ እያልኩ ነው። የባቢሎን ጸሐፍት ለንጉሥ ያዘጋጁት ምክር ነው። አንዱ ቅጂ ነነዌ ውስጥ ከአሦሩ ንጉሥ ከአሹርባኒፓል መጻሕፍት መካከል ተገኝቷል፤ ከተማዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ስትወድም አብሮ ተቀብሮ፣ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ ንጉሥ ለፍርድ ግድ ካጣ ሕዝቡ ይታወካል፣ አገሩም ትጠፋለች።

አየሽ፣ «አትበድል» አይልም፤ ልመናም ተግሣጽም የለበትም። ሕዝቅኤል የባቢሎን ንጉሥ ጉበት ተመለከተ የሚለውን ታስታውሻለሽ። ምልክት አንባቢዎቹ የታረደ በግ ጉበት መርምረው ወይም የጨረቃ ግርዶሽ አይተው፣ «ይህ ከታየ ያ ይደርሳል» እያሉ ለንጉሡ ያቀርቡ ነበር። ጸሐፊው ይህንኑ አነጋገር ወስዶ በጉበቱና በጨረቃዋ ቦታ የንጉሡን ሥራ አስገባበት። ንጉሡ ራሱ የሚነበብ ምልክት ሆነ! ስም ስላልጠራም ዙፋኑ ላይ የወጣ ሁሉ ነገሩ ይመለከተዋል። ይህ ድፍረት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ቅጣቶቹም ከጥፋቱ የተቀዱ ናቸው። የባቢሎንን ሰዎች ብር ወስዶ ግምጃ ቤቱ ቢያስገባ፣ የባቢሎን አምላክ ማርዱክ የእሱን ሀብት ለጠላቱ ይሰጣል። የሲፓር፣ የኒፑርና የባቢሎን ከተሞችን ሰዎች በግዳጅ ሥራ ቢያሰማራ፣ የገዛ ሠራዊቱ ለጠላት ይለፋል። እኔን የያዘኝ ግን የመኖው ነገር ነው፦ የከተሞቹን መኖ ለፈረሶቹ ቢያበላ፣ ያንን የበሉት ፈረሶች ተነድተው በጠላት ቀንበር ሥር ይገባሉ። ለሣርና ለገብስ ሳይቀር እንዲህ መቆጣጠር! ጉቦም አልተረሳም፤ ንጉሡ በልቶ የኒፑርን ሰው ያለ አግባብ ቢፈርድበት፣ የኒፑር አምላክ ኤንሊል ባዕድ ጠላት ያስነሣበታል።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ጽሑፉ የቆመው በዋናነት ከግብርና ከግዳጅ ሥራ ነጻ የመሆን መብት ለነበራቸው ለእነዚህ ሦስት ከተሞች ነው። ለገጠሩ አራሽ እንዲህ አይሟገትም። ጸሐፊው ለወገኑ ጥቅም ነው የጻፈው ብዬ አምናለሁ፤ ያም ሆኖ ንጉሥም ይጠየቃል የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ አስቀምጦልናል። አንቺ የሕግ ሰው ነሽና፣ እንዲህ ያለውን ሙግት ፍትሕ ትይዋለሽ ወይስ አትይውም? ጊዜ ስታገኚ ጻፊልኝ።

አባትሽ