አባዬ፣ መዝጊያዋን የወሰድኳት እኔ ነኝ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ «አባባ ጋ መቼ ነው የምንሄደው» እያሉ መቀመጫ መቆሚያ አሳጥተውኛል።

ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። በስልክ ብነግርህ ግማሹን አትሰማም። ስጮህ ደግሞ አንተ ሳትሰማ ብሎኩ በሙሉ ይሰማል፤ ይሄ ጉዳይ ደግሞ ለየካ አባዶ ሕዝብ የሚታወጅ አይደለም። ጆሮህን የበላው ያው ቤልጅግ ጠመንጃህ ነው። ሃምሳ ዓመት ጥጥ እንኳ ሳትወትፍ ተኩሰህ ተኩሰህ፣ አሁን «ስልኩ ነው እንጂ ጆሮዬስ ደህና ነው» ትላለህ። ስለዚህ በትልልቁ ጻፍኩልህ። መነጽርህን አድርግና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የቤልጅጉን መዝጊያ፣ ያችን ጥይቱን ከኋላ የምትዘጋውን ብረት፣ የወሰድኳት እኔ ነኝ።

አዎ፣ እኔ። አንተ ወሰደ ብለህ ያባረርከው ያ ምስኪን እረኛ አይደለም። የፋሲካ ማግስት፣ አንተ ከብቶቹን ልታይ ስትወጣ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረድኩት። ራስህ እንዳስተማርከኝ እጀታዋን ወደ ላይ አንስቼ፣ ወደ ኋላ ስቤ፣ በግራ በኩል ያለችውን መያዣ በአውራ ጣቴ ከፍቼ መዘዝኳት። በነጠላዬ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከድፎ ዳቦው ሥር ከተትኳት። ከሱሉልታ እስከ ሽሮ ሜዳ እንዴት እንደመጣሁ እኔና እንጦጦ ማርያም ነን የምናውቀው። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ፖሊሱ ቦርሳዬን ከፈት አድርጎ ዳቦውን አየና «እንኳን አደረሰሽ እህቴ» ብሎ አሳለፈኝ። እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንተስ ፈቃድ አለህ፣ በ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ሰበብ ስንት ቀን ተሰልፈህ እንዳስመዘገብክ አውቃለሁ። እኔ ግን የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ የጠመንጃ አካል በቦርሳዬ ይዤ ብያዝ ምን እላለሁ?

ለምን እንደወሰድኳት ታውቃለህ ብዬ አስባለሁ፣ ግን ልንገርህ። በፋሲካው ዕለት ከምሳ በኋላ ጠላው ሞቅ ሲያደርግህ «እስቲ እጄን ልሞክረው» ብለህ ወጣህ። የቲማቲም ጣሳዋን ያው የድሮው የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ አስቀመጥካት። የመጀመሪያው ጥይት ከወንዙ ማዶ አፈሩን መታ፣ አቧራው ቦነነ። ሁለተኛውን ስትተኩስ እኔ አቧራውን ነበር የምጠብቀው። አቧራ አልተነሳም። ጣሳዋም አልወደቀችም። አንተ በዚያ ሞራ በያዘው ዓይንህ ጨፈን ገለጥ እያደረግክ «መታኋት እንዴ?» ትለኛለህ፣ እኔ ደሜ ቀጥ ብሏል። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ከሚሠራው ሕንፃ ላይ ዘበኛው ጮኸ። በዓል ስለሆነ ነው እንጂ አባዬ፣ በሥራ ቀን ቢሆን እዚያ ሕንፃ ላይ ስንት ልጅ ነው ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚወጣው?

እኔ ልጅ ሳለሁ ከዚያ ከአፈሩ ጀርባ ሣር ብቻ ነበር። ሣርና የሰው ላም። አሁን ሱሉልታ ያኔ የምታውቃት አይደለችም፤ ከአፈሩ በላይ አምስት ፎቅ ቆሟል፣ ከሱ ጀርባ ሌላ ግቢ አለ፣ ከሱም ጀርባ ሌላ። የቤልጅግ ጥይት ካልያዙት ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህን የነገርከኝ አንተ ነህ። «ኢላማውን ከማየትሽ በፊት ጀርባውን እይ» እያልክ ነው ያሳደግከኝ፣ ገና ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ሳያርፍ።

ጠመንጃውን ጠልቼው እንዳይመስልህ። ወንድሜ ነው እንጂ ሲተኮስ ጓዳ የሚደበቀው፣ እኔ መቼ ተደብቄ አውቃለሁ። አንተ ወደ ሙገር ገደል ወርደህ ቆቅ ይዘህ ስትመጣ መጀመሪያ የምጠይቅህ «ደረስክባት ወይ?» ብዬ ነበር። ሳትሞት ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ካልባረክህ እማዬ ድስት አታስነካህማ! በዚያ ገደል ቢላ ይዘህ ስትሮጥ አስባለሁና እስካሁን ሳቄ ይመጣል። አደኑን ከተውከው ስንት ዘመንህ፣ ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለሱ ምንም የምልህ የለኝም። ለእኔ የቀረልኝ መነካካትህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጆንያ ዘርግተህ ብሎኖቹን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ በተራ ስትደረድራቸው።

የጥርሷን ነገር ታስታውሳለህ? አፈሙዙ ላይ ያለችውን የፊት ማነጣጠሪያ። ቤልጅጉ ለጦር ሜዳ፣ ለሩቅ የተሠራ ስለሆነ ከመቶ እርምጃ ሲተኮስ ወደ ላይ ይመታል። አንተም «ጥርሷ ረዝማ ነው» ብለህ ሞረድ አንስተህ ሞረድካት። ተኮስክ፣ ባሰበት። ደግመህ ሞረድካት፣ ከጣሳው አልፎ ቅርንጫፍ መታ። ለካ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ የፊቷ ባጠረች ቁጥር ጥይቱ ወደ ላይ ይወጣል። እማዬ ነፍሷን ይማረውና በሩ ላይ ቆማ «ጺም መሰለችህ እንዴ፣ መልሳ እንድትበቅል!» ስትልህ ሦስት ቀን አኮረፍካት። በኋላ ከአሮጌ ማረሻ ቁራጭ ብረት አዲስ ጥርስ ሠራህ። አንድ ሳምንት ፈጀብህ። ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን እፍ እያልክ፣ ከንፈርህን ነክሰህ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብረት ስትሞርድ እኔ የቤት ሥራዬን ትቼ አይህ ነበር። ስትገጥማት ጣሳዋ ወደቀች። ያን ቀን ያቀፍከኝ እኔ የሠራኋት ይመስል ነበር።

ሰደፉንስ? መጀመሪያ ከጽድ ነበር የጠረብከው፣ ሽታው ደስ ይላል ብለህ። በሦስተኛው ተኩስ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከዚያ ወደ ዋንዛ መጣህ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

የጀበናው ነገር ግን ሳልነግርህ የኖርኩት አለ። ከተኮስክ በኋላ በእማዬ ጀበና ውስጥ ውሃ አፍልተህ መዝጊያዋን አውጥተህ በኋላ በኩል ታንቆረቁርበታለህ። በአፈሙዙ ጥቁር ውሃ ይወርዳል። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ «ብረት በውሃ የሚያጥብ ሰው አየን» እያለ ይስቅብህ ነበር፣ እማዬ ደግሞ ቡናዋ ባሩድ ባሩድ ስላለ ታለቅስ ነበር። አንተም ለምን እንደሆነ አታውቀውም፣ «አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር» ነው መልስህ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የገባኝ። የድሮ ጥይት ቂጡ ላይ ያለችው የምትመታው ክብ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ነገር አለ። ሲነድ ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል፣ የወጥ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ ቱቦውን ከውስጥ በዝገት ይበላዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም። ውሃ ነው የሚያሟሟው! እነዚያ የሳቁብህ ሰዎች ጠመንጃቸውን በዘይት ብቻ ሲወለውሉ ውስጡ ዝጎ ዝጎ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም ነበር። ያንተ ግን ዛሬም ወደ ብርሃን ሲያዩበት እንደ መስታወት ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ጨው ሳስተምር ይህን እነግራቸዋለሁ፣ «አንድ የማውቀው ሰው» ብዬ። አባቴ ነው አልልም፣ ጀበናውን ሲሰሙ ይስቃሉ።

ሌላም ልንገርህ እንግዲህ፣ ከጀመርኩ አይቀር። የአያቴን ውጅግራ «ለግራኝ ተኳሽ የተሠራ ነው» እያልክ ታሾፍ የለ? ግራ የሰው ስም ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፣ ያስተካከለው መኮንን ግራ ይባላል። «ፉዚል ግራ» ይሉታል እነሱ፣ የእኛ ሰው ውጅግራ አደረገው። አድዋ ላይ ከተተኮሱት አንዱ ነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አሁን ከየትም አታገኝም። እሱን እስኪበቃህ ፍታው ግጠመው፣ ማንንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ወንድሜ ትናንት ደውሎ የነገረኝ ነው። ከአንድ ነጋዴ ሌላ መዝጊያ ገዝተሃል አሉ። «ልክክ ብላ ገባች» ብለሃል አሉ። አባዬ፣ በእማዬ አጥንት ይዤሃለሁ፣ በዚያች መዝጊያ እንዳትተኩስ። ከማን ጠመንጃ እንደወጣች አታውቅም። ቁጥሩ ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አንድ ካልሆነ አትግጠሙ የምትለው አንተ ነህ። ስትገባ ልክክ ማለቷ ምንም ማለት አይደለም፤ መዝጊያዋና የጥይቱ ቂጥ መሀል ትንሽ ከሰፋ ቀለሁ ይቀደዳል፣ እሳቱም ወደ ኋላ ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። ያ ሙገር ላይ አንድ ዓይኑን ያጣው ሰው እንዴት እንዳጣው በልጅነቴ ስንቴ ተረክልኝ? እኔ ሰው እንዳትጎዳ ብዬ ደብቄ አንተን ራስህን ልገድልህ ነው እንዴ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ መዝጊያህንም ይዤልህ እመጣለሁ። ተቆጣኝ፣ እችለዋለሁ። እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ ከምወስድ ያን ቀን እዚያው ፊትህ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁህ። በዚህ ዕድሜዬ አባቴን እፈራለሁ ብል ማን ያምነኛል?

ግን ከጓሮ መተኮስ ይቅር። ይሄን አልደራደርም። ዓይንህንም እናሳየው፤ ሞራ ማስወጣት ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ በዕለቱ ወደ ቤት ትመለሳለህ። «ዓይኔን በቢላ አላስነካም» አትበለኝ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ብረት የሞረድክ ሰው ይህን ይፈራል? ያኔ ጥርሷን ራስህ ታያታለህ፣ አሁን በዳበሳ ነው የምትፈታው።

እረኛውንም መልሰህ ጥራው። በእኔ ጥፋት ነው የተባረረው። የሁለት ወር ደመወዙን እኔ እከፍላለሁ፣ ጫማም ይዤለት እመጣለሁ፣ ቁጥሩን ብቻ ጠይቅልኝ። አንተ ደግሞ በአፍህ ይቅርታ በለው። በእኔ በኩል አይሆንም።

እስከዚያ ሰኔ ስለገባ ከኋላ ያለውን ክፍቱን በዘይት በተነከረ ጨርቅ ወትፈው፣ እርጥበት ይገባበታል። የነጋዴውን መዝጊያ ደግሞ ከጠመንጃው አውጥተህ ሳጥን ውስጥ ቆልፍልኝ።

መዝጊያዋ ደህና ናት። ልጆቹ እንዳያገኟት ብዬ በሽሮ ጣሳ ውስጥ ነበር የደበቅኳት፤ ነጠላዬ ግን ሳይፈታባት አልቀረም፣ ትናንት ሳወጣት መርፌዋ ድረስ ሽሮ ገብቶባታል። ልፈታት ሞክሬ ሽቦው አስፈራኝና ተውኩት። ቅዳሜ ጆንያውን ዘርግተህ ጠብቀኝ፣ ጀበናውን እኔ እጥዳለሁ።

ልጅህ